አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቲማቲሜ ቀትር ላይ ለምንድነው የሚጠወልገው?

ሰናይት_የመቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ። እስቲ ግብርናም ባዮሎጂም የምታውቁ ርዱኝ። መቂ አካባቢ ሩብ ሄክታር የምትሆን መሬት ላይ ቲማቲም ተክያለሁ፣ አሁን አበባ ይዞ ታች ታቹ ፍሬ መቋጠር ጀምሯል። ውሃው ከጉድጓድ ነው፣ በሞተር እየሳብን በቦይ እናጠጣለን። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጠዋት ቀጥ ብሎ ቆሞ ያየሁት ተክል ቀትር ስድስት ሰባት ሰዓት ላይ ቅጠሉ ዝልፍልፍ ይላል፣ ከዛ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ፀሃዩ ሲበርድ ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ እንደዛ ነበር። አሁን አሁን ግን ታችኛው በኩል ውሃው ሄዶ የሚቆምበት ጫፍ ላይ ያሉት ማታም አይመለሱም፣ ጠዋትም እንደተኙ ነው። ጣቴን አፈር ውስጥ ሰድጄ ሳየው ደግሞ እርጥብ ነው! ደረቅ ቢሆን እኮ አይገርመኝም ነበር።

ጎረቤቶቼ ውሃ አንሶት ነው ጨምሪለት ይላሉ፣ ዲኤው (የቀበሌያችን የግብርና ልማት ሠራተኛ) መጥቶ አይቶ ቀንሺ አለኝ ግን ቸኩሎ ስለነበር ምክንያቱን አላስረዳኝም። ሰሞኑን ነፋሱም አይጣል ነው፣ የጥር ነፋስ መቼም ታውቁታላችሁ። ሌላው ደግሞ የመደቡ ጀርባ ላይ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር እያወጣ ነው። እና እኔ የምፈልገው ዝም ብሎ ጨምሪ ቀንሺ ሳይሆን ተክል ውሃ የሚጠጣው እንዴት ነው፣ ምን ሲሆንበት ነው መጠጣት የሚያቆመው የሚለውን ነው፣ ምክንያቱን ካወቅኩ ለሚቀጥለውም ዙር እራሴ መወሰን እችላለሁ።

አግሮ_ሐዋሳ

ሰናይት እንዴት ነሽ፣ ጥያቄሽ በጣም ጥሩ ነው፣ ምልክቶቹንም በደንብ ነው የዘረዘርሻቸው ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልፃፍልሽ።

መጀመሪያ ብዙ ሰው ስሩ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋ ይመስለዋል። ማታ ማታ ትንሽ ይገፋል እሱን በኋላ እመጣበታለሁ፣ ቀን ላይ ግን ስራውን በአብዛኛው የሚሰራው ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፣ ስቶማታ የሚባሉት፣ ተክሉ ምግቡን ለመስራት ካርቦንዳይኦክሳይድ የሚያስገባው በነሱ ነው። እነሱ ክፍት ሲሆኑ ደግሞ ውሃው ተንኖ ይወጣል፣ የወጣው በወጣ ቁጥር ከቅጠል እስከ ስር ድረስ ያለው ቀጭን የውሃ ዓምድ ይሳባል፣ ልክ ጁስ በስትሮ ስትስቢ እንደሚሆነው። ዲክሰንና ጆሊ የሚባሉ ደብሊን የነበሩ ተመራማሪዎች ይሄን ሃሳብ ያቀረቡት በ1894 እ.ኤ.አ. ነው፣ እስከዛሬም የምንማረው እሱን ነው። ስሩ ካስገባው ውሃ ውስጥ ከ97 እስከ 99 በመቶው ተመልሶ አየር ላይ ነው የሚሄደው፣ ተክሉ ሰውነቱ ውስጥ የሚያስቀረው በጣም ጥቂቱን ነው።

እና ሁለት ነገር አለ ማለት ነው፣ ከላይ አየሩ የሚጠይቀው እና ከታች ስሩ ማቅረብ የሚችለው። መጠውለግ ማለት ላይኛው ታችኛውን በለጠው ማለት ነው። ስለዚህ ተክል ሲጠወልግ አይተሽ ውሃ የለም ማለት አትችይም፣ ወይ አየሩ ከልክ በላይ እየጎተተ ነው ወይ ስሩ አልቻለም ወይ ሁለቱም ነው።

የአየሩን በቁጥር ልንገርሽ። ጠዋት 15 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ አየሩ ሙሉ በሙሉ ለመርጠብ የሚጎድለው ወደ 0.34 ኪሎፓስካል ነው። ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ደርሶ እርጥበቱ 25 በመቶ ሲወርድ ግን ወደ 3.2 ይሄዳል። ወደ 9 እጥፍ ነው እኮ! ሙቀቱ ራሱ እጥፍ ብቻ ነው የጨመረው፣ የአየሩ ጥማት ግን 9 እጥፍ። ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ፣ ቅጠል ላይ ስስ እርጥብ አየር ተለጥፎ ትነቱን ያቀዘቅዘው ነበር፣ ነፋሱ እሷን ጠራርጎ ይወስዳታል። ስለዚህ ቀትር ላይ ትንሽ ዘንበል ብሎ ማታ የሚመለስ ቲማቲም ብዙም አያስደነግጥም፣ ጤነኛ ተክልም በእንደዚህ አይነት ቀን ያደርገዋል። የሚያስጨንቀኝ ጠዋት እንደተኙ ናቸው ያልሻቸው ናቸው። ጠዋት አየሩ ብዙም አይጎትትም፣ አፈሩ እርጥብ ነው፣ እንዲያም ሆኖ ካልተነሳ ችግሩ ስሩ ጋ ነው።

እስቲ አንዱን ከጫፍ አንዱን ደግሞ ከላይ ከደህናው በኩል ቆፍረሽ ስሩን አሳዪን። አትንቀዪው፣ ከነቀልሽው ቀጫጭኑ ስር አፈር ውስጥ ይቀራል፣ በአካፋ ከነአፈሩ አውጥተሽ ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርገሽ እጠቢው።

ባቱ_ሽንኩርት

እኔ እንኳን ከልምድ ነው የማወራው እህቴ፣ በዚህ ነፋስ ውሃ መቀነስ ተክል መግደል ነው። እኛ ጋ በጥርና በየካቲት ማጠጫውን እናቀራርባለን እንጂ አናርቅም፣ ካላቀራረብነው ፍሬው ቂጡ ይጠቁራል ገበያም አይወጣ። መሬት እርጥብ ነው ያልሽው ከላይ ከላይ ሊሆን ይችላል፣ ጣት ስንት ይገባል? ወደ ታች አንድ ክንድ ቆፍረሽ እዪ፣ ታች ደረቅ ሊሆን ይችላል።

አግሮ_ሐዋሳ

@ባቱ_ሽንኩርት ትክክል ነህ ወንድሜ፣ ጣት በቂ አይደለም። የአፈሩ አይነትም ይወስናል። አሸዋማ አፈር የያዘውን ውሃ በቀላሉ ይለቃል፣ ሸክላማ አፈር ግን ብዙ ይይዝና የመጨረሻውን አጥብቆ ነው የሚይዘው። ሸክላ በእጅህ ስትጨብጠው እርጥብ ሆኖ ተክሉ ግን ምንም የሚያገኝበት ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል። በተለምዶ ተክል ከ15 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ስቦ ማውጣት አይችልም ነው የሚባለው፣ ሸክላው እዛ ደረጃ ሲደርስም ውስጡ ገና ብዙ ውሃ አለ። የፍሬ ቂጥ መጥቆር ያልከውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፣ ካልሲየም ፍሬው ጋ የሚደርሰው ከውሃው ጋር ስለሆነ ውሃው ሲቆራረጥ እሱም ይቆራረጣል። ሰናይት መሬትሽ ምን አይነት ነው?

የእነዋሪው

እኔ የሸዋ ደጋ ሰው ነኝ፣ ስለ ቲማቲም አላውቅም ግን ይሄ ነገር የኛን ዋልካ፣ ውሃ የሚይዘውን ጥቁር ሸክላ መሬት፣ አስታወሰኝና ልግባ። ዋልካ መሬት ላይ ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ተኝቶበት ስንዴና ባቄላው ቢጫ ይሆናል፣ ቅጠሉ ከጫፉ ይደርቃል፣ ለማያውቅ ሰው ድርቅ የመታው ነው የሚመስለው፣ እግርህ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ ነው! ውሃ ውስጥ ቆሞ በውሃ ጥም እንደማለት። አባቶቻችን ሳይንሱን በዚህ ስም አይጥሩት እንጂ ነገሩን በደንብ ያውቁታል፣ ለዛ ነው እነዋሪ ላይ ከታረሰ በኋላ ሴቱም ወንዱም ልጁም ወጥቶ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፋ ሰፋ ያለ መደብ የሚሰራው፣ ውሃው በመሃል ባለው ቦይ ይወርዳል ሰብሉ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ወገብ የሚቆርጥ ስራ ነው፣ ያላየ ሰው አያምንም። ሌላ ቦታ በማረሻ ሹሩቤ የሚባል ከፍና ዝቅ ያለ ትልም ያወጣሉ። በኋላም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለት ማረሻ አጣምሮ መደብ የሚሰራ ቢቢኤም የሚባል መሳሪያ መጣ።

መደብ ያልሰራው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ መሬቱን ዝም ብሎ ያሳልፍና መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፣ በቀረችው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። እስቲ አስቡት፣ ዝናቡ ሲዘንብ ከሚዘራው ዝናቡ ሲያበቃ የሚዘራው ይሻላል! ስለዚህ እህቴ ውሃው የሚቆምበት ጫፍ ላይ ነው የሞቱት ካልሽ ዲኤው ያለሽ ነገር ለኔ ስሜት ይሰጠኛል።

ሰናይት_የመቂዋ

በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ ዛሬ ጠዋት ወጥቼ ያላችሁኝን አደረግኩ። አፈሩ ከላይ አሸዋ ቀመስ ነው፣ ወደ አንድ ስንዝር ተኩል ስወርድ ግን ጠንካራ ጥብቅ ያለ ሸክላ አለ፣ አካፋው ዝም ብሎ አይገባም። ከሸክላው በላይ ያለው አፈር ስጨብጠው ውሃ ያንጠባጥባል። @ባቱ_ሽንኩርት እንዳልከው ታች ይደርቅ ይሆን ብዬ ነበር፣ አይደለም፣ ጭራሽ ታች ነው ውሃው የተኛው።

ስሩን አጥቤ አየሁት። ከላይኛው በኩል ያወጣሁት ነጭ ነው፣ ቀጫጭን ስሮቹ ብዙ ናቸው አፈሩንም ጨብጠው ይዘውታል። ከጫፍ ያወጣሁት ግን ቡናማ ሆኗል፣ ዋና ዋናው ስር ብቻ ነው ያለው ቀጫጭኑ የለም፣ ስሩን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ሳደርገው ላዩ እንደ ቆዳ ተገፎ እጄ ላይ ቀረ፣ ውስጡ ያለው ቀጭን ክር ብቻ ነው የተረፈው። ሽታው ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ነው። የሚገርመው ግንዱ አካባቢ ከአፈሩ ልክ ከፍ ብሎ አዲስ ነጫጭ ስር ለማውጣት እየሞከረ ነው፣ ትናንሽ እብጠት እብጠት አለው። አሳዘነኝ እውነቴን ነው።

አግሮ_ሐዋሳ

ሰናይት በጣም ጎበዝ፣ ይሄ ግማሹን ስራ ጨረሰልን። ስርሽ ታፍኗል።

ስር ይተነፍሳል። ኦክስጅን የሚያገኘው በአፈር ቅንጣቶች መሃል ካለው ክፍተት ነው፣ ክፍተቱ ውሃ ሲሞላ ደግሞ ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ሙቀት ባለበት አፈር ውስጥ ስሩና ረቂቅ ተህዋስያኑ ያለውን ቶሎ ይጨርሱታል። ያ የእንቁላል ሽታ ኦክስጅን ሲያልቅ ባክቴሪያዎች ሰልፌትን ተጠቅመው የሚያወጡት ጋዝ ነው፣ እሱ ከሸተተሽ እዛ አፈር ውስጥ ኦክስጅን የለም በቃ። ላዩ ተገፎ ክሩ መቅረቱ ደግሞ ስር አበስባሽ በሽታ የተዳከመውን ስር እንደያዘው ነው የሚያሳየው፣ ፒቲየም የሚባለው እንደዚህ አይነት እርጥብ ቦታ ይወዳል።

አሁን ውሃ ተከቦ ለምን አይጠጣም ላልሽው። ውሃ ወደ ስር ህዋስ የሚገባበት አኳፖሪን የሚባሉ የፕሮቲን በሮች አሉ፣ ያገኛቸው ፒተር አግሬ በ2003 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሞበታል። በዛው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች እፅዋት ላይ ያሳዩት ነገር ደግሞ ኦክስጅን ሲጠፋ የህዋሱ ውስጥ አሲዳማ ይሆንና እነዚህ በሮች ይዘጋሉ የሚል ነው። ማለት ስሩ ገና ሳይበሰብስ በፊት፣ ገና ጤነኛ መስሎ እያለ፣ የውሃ መግቢያው ይጠባል። ጎረቤትሽ ያኔ ሲጠወልግ አይቶ ውሃ ሲጨምርበት ይበልጥ ይዘጋል፣ ይበልጥ ሲጠወልግ ይበልጥ ያጠጣል። በዚህ ዙር የሚያልቅ ስንት ማሳ አለ!

ከግንዱ ላይ የሚያወጣው አዲስ ስር ተስፋ ነው። ቲማቲም አየር ወዳለበት ከፍ ብሎ ስር ማውጣት ይችላል። ውሃው ከሸሸለት በኋላ አፈር ከፍ አድርገሽ ግንዱን አልብሺው፣ ሁሉም ባይሆንም የሚድን አለ።

ማታ ስሩ ይገፋል ያልኩሽን ደግሞ እንደ መመርመሪያ ተጠቀሚበት። ጠዋት ፀሃይ ሳይወጣ ሂጂና የደህናዎቹን ቅጠል ጠርዝ እዪ፣ ትናንሽ የውሃ ጠብታ ጫፍ ጫፉ ላይ ተደርድሮ ካየሽ እሱ ጤዛ አይደለም፣ ጤዛ ቅጠሉን ሙሉ ነው የሚያለብሰው፣ ይሄ ግን ስሩ ማታ ገፍቶ ያወጣው ነው። ለመግፋት ስሩ ጉልበት ይፈልጋል ለጉልበት ደግሞ ኦክስጅን፣ ስለዚህ ጠብታ ያለበት ተክል ስሩ እየሰራ ነው። በቆሎ ላይ ደግሞ በጣም ጎልቶ ይታያል።

ነጩ ነገር ግን አሳስቦኛል። ጉድጓዱ ውሃ ተመርምሮ ያውቃል?

ጥላሁን_ተባይ

ይቅርታ በመሃል ልግባ፣ ሌላም ነገር አለ መረሳት የሌለበት። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ጠውልጎ የማይመለስ ቲማቲም በባክቴሪያ የሚመጣ አጠውላጊም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ከሆነ የውሃ ጨዋታ ምንም አያደርግለትም። ለማጣራት ከሥር በኩል ያለውን ግንድ ቁረጪና ንፁህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ነክረሽ ሳታንቀሳቅሺ ያዢው፣ በትንሽ ደቂቃ ውስጥ ነጭ ወተት የመሰለ ክር ከተቆረጠው ቦታ ወደ ታች ሲወርድ ካየሽ ባክቴሪያ ነው። ያኔ ነቅለሽ ከማሳ አውጪ፣ ወደ ቦይ እንዳትጥዪው ውሃው ለሌላው ያደርሰዋል። ከሌለ ደግሞ እሰየው።

ሰናይት_የመቂዋ

@ጥላሁን_ተባይ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁኑኑ ሞከርኩት ከሦስት ተክል ቆርጬ፣ ምንም አልወረደም ውሃው እንደጠራ ነው። @አግሮ_ሐዋሳ ጉድጓዱ ተመርምሮ አያውቅም፣ ለመጠጥ አንጠቀምበትም ጨው ጨው ይላል ይላሉ ልጆቹ። አንድ የማውቀው ልጅ ኢሲ ሜትር (የጨው መጠን የሚለካ መሳሪያ) አለው እሱን እለምነዋለሁ።

ተማሪ_12ኛ

ሰላም፣ እኔ ገበሬ አይደለሁም ግን ይሄን እያነበብኩ በጣም ተመሰጥኩ። እኛ ትምህርት ቤት ላብ የለንም፣ ነፋስና ሙቀት ተክል የሚጠጣውን ውሃ ይጨምራል የሚለውን በቃል ነው የተማርነው። በቤት ውስጥ ሊታይ የሚችልበት መንገድ አለ?

መምህር_ወልዲያ

ልጄ አለ እንጂ፣ እኔ ለተማሪዎቼ በጉሉኮስ ቱቦ ነው የማሳያቸው። ፖቶሜትር ይባላል መሳሪያው፣ ፋብሪካ የሰራው ባይኖርም ግድ የለም። ከፋርማሲ አዲስ የጉሉኮስ ቱቦና ሲሪንጅ ትገዛለህ፣ ቱቦውን ቆርጠህ አንድ ክንድ ያህሉን ትጠቀማለህ። ከዛ የምትቆርጠው ቅርንጫፍ ቅጠሉ በዛ ያለ ግንዱ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ይሁን። ዋናው ሚስጥር እዚህ ጋ ነው፣ ቅርንጫፉን ቆርጠህ አምጥተህ ጫፉን ውሃ ባለው ባልዲ ውስጥ እንደነከርከው እንደገና ውሃ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ቁረጠው፣ አየር ላይ ስትቆርጠው ያ የሚሳበው የውሃ ዓምድ ተቆርጦ አየር ይገባበታልና። ቱቦውንም በሲሪንጁ ውሃ ሞልተህ እዛው ባልዲ ውስጥ ግንዱን ክተትበት፣ መጋጠሚያውን አድርቀህ ቫዝሊን ለቅልቀው። አሁን አውጥተህ ቱቦውን አግድም አስቀምጥና ከጫፉ በኩል አንዲት የአየር ጠብታ አስገባ፣ ጫፉን መልሰህ ውሃ ውስጥ ንከረው። ቅርንጫፉ ሲጠጣ ጠብታዋ ወደሱ ትሄዳለች፣ ማስመሪያ ሥሯ አስቀምጠህ በየአምስት ደቂቃው ትመዘግባለህ።

ከዛ አንድ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ፀሃይ ላይ አውጣው፣ ጥላ ውስጥ አስገባው፣ ማራገቢያ አስነሳበት ወይም በካርቶን አራግብ፣ በላስቲክ ከረጢት ሸፍነው አየሩ ውስጡ እርጥብ እንዲሆን። በላስቲክ ስትሸፍነው ጠብታዋ ቁጭ ልትል ትደርሳለች፣ ልጆቹ ሁሌ እዚህ ጋ ነው የሚጮሁት። ሌላው ደግሞ የቅጠሉን የታችኛውን ገፅ ብቻ ቫዝሊን ቀብተህ እይ፣ ከዛ በሌላ ቅርንጫፍ የላይኛውን ብቻ ቀብተህ አወዳድር፣ ብዙ ዛፎች ላይ ስቶማታው የሚበዛው ከታች መሆኑን ራስህ ታረጋግጣለህ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ይሄ የሚለካው የተጠጣውን እንጂ የተነነውን አይደለም፣ ሁለቱ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም፣ ፈተና ላይም ይጠይቁበታል። እና ቅርንጫፍህ ስር የለውም፣ ስለዚህ እዚህ እህታችን ላይ የደረሰው የስር ችግር በዚህ አይታይም፣ የአየሩን ጉተታ ብቻ ነው የምታየው።

ተማሪ_12ኛ

መምህር በጣም አመሰግናለሁ፣ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንሰራዋለን። እርስዎ የየትኛውን ተክል ቅርንጫፍ ነው የሚጠቀሙት?

መምህር_ወልዲያ

ግቢያችን ውስጥ ያለ ለስለስ ያለ ግንድ ያለው ሁሉ ይሆናል፣ ብቻ ወተት የሚያወጣ ተክል አትውሰድ ወተቱ ግንዱን ይደፍነዋል። ጠዋት ላይ ቁረጠው።

የሚኒሶታዋ

ሰላም ሰናይት። እኔ ያለሁት ሚኒሶታ ነው፣ ጓሮዬ ውስጥ ቃሪያና ቲማቲም እተክላለሁ። እዚህ ደግሞ የምናየው ሌላ ነው፣ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ፀሃዩ ይወጣል አየሩም ይሞቃል ግን መሬቱ ገና በረዶ የቀለጠበት ቀዝቃዛ ነው፣ ችግኙ ውሃ ጠጥቶ ጠግቦ እያለ ፀሃይ ሲነካው ይጠወልጋል። እርጥበትም አለ አየርም አለ ጨውም የለም። ይሄስ ለምን ይሆን? ሀበሻው ሁሉ ቶሎ ለመትከል ይቸኩላል።

አግሮ_ሐዋሳ

@የሚኒሶታዋ ውሃ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። 5 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ 25 ዲግሪ ላይ ካለው በ1.7 እጥፍ ያህል ወፍራም ነው፣ በቀጫጭን መንገድ ማለፍ ይከብደዋል። ከዛ በላይ ግን ቲማቲምና ቃሪያ መነሻቸው ሞቃት አገር ስለሆነ የስራቸው ህዋስ ቅዝቃዜ ላይ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ በጣም ይወርዳል፣ ጎመን ግን ብዙም አይጎዳም። አፈሩ 15 16 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ፣ ወይ ጥቁር ላስቲክ ከመትከላችሁ በፊት አልብሱት ቶሎ ይሞቃል።

ሰናይት_የመቂዋ

ውጤት ይዤ መጣሁ። የጉድጓዱ ውሃ ኢሲ 1.7 ነው፣ ከጫፍ በኩል ያለው አፈር ደግሞ ልጁ ወደሚያውቀው ላቦራቶሪ ወስዶልኝ 4.2 አሉት፣ ከላይኛው በኩል ያለው 2.3። ጠብታውንም አየሁት! ላይኛው በኩል ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተደርድሯል፣ መሃል አካባቢ እያነሰ ይሄዳል፣ ጫፍ ላይ አንድም የለም። ምክራችሁን ካነበብኩ ጀምሮ ውሃ አቁሜያለሁ፣ መሃል ያሉት ትንሽ ቀና ብለዋል። ግን አሁን ግራ የገባኝ፣ ጨው ካለ በብዙ ውሃ ይታጠባል ይላሉ፣ እናንተ ደግሞ ውሃ ቀንሺ እያላችሁኝ ነው። የቱን ልያዝ?

አግሮ_ሐዋሳ

ይሄ በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ባለሙያም እዚህ ጋ ይሳሳታል።

ጨው ምን ያደርጋል መሰለሽ፣ አፈሩ ውሃውን እንዳይለቅ ያደርገዋል። 4.2 ኢሲ ማለት ስሩ ከወትሮው ላይ አንድ ባር ተኩል ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ማውጣት አለበት ማለት ነው፣ ውሃ ጠግቦ የተንጠፈጠፈ አፈር ራሱ ውሃውን የሚይዘው በሲሶ ባር ብቻ ነው፣ አወዳድሪው። ያውም ጭቃ ሆኖ ሲለካ ነው፣ አፈሩ ሲደርቅ ጨው አይተንምና ውሃው በግማሽ ሲቀንስ ጨውነቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ @ባቱ_ሽንኩርት ማጠጫ ማቀራረብ ያለው ጨው ባለበት መሬት ላይ እውነትነት አለው። ቲማቲም እስከ 2.5 ድረስ ምንም አይልም፣ ከዛ በኋላ ለእያንዳንዱ 1 ኢሲ ወደ 10 በመቶ ምርት ይቀንሳል፣ ያንቺ ጫፍ በጨው ብቻ ወደ 17 በመቶ ያጣል ማለት ነው። ግን በ4.2 ቲማቲም አይሞትም። የገደለው መታፈኑ ነው፣ ጨው ያጎሳቆለው ስር ደግሞ መታፈንን አይችልም፣ ሁለቱ ሲገናኙ ጨውን ወደ ውጪ የሚመልሰው የስሩ ስራም በኦክስጅን እጦት ይቆማል።

እንግዲህ ጨው ማጠብ ማለት ውሃው ጨውን ይዞ ወደ ታች ወይ ወደ ውጪ ይሄዳል ማለት ነው። ያንቺ ውሃ ግን ሸክላው ላይ ቆሞ መሄጃ የለውም፣ ከዛ ፀሃይ ያተነዋል፣ ጨውን እዛው ጥሎ ይሄዳል። ነጩ ዱቄት እሱ ነው። መጀመሪያ መውጫ ስሪለት። ከጫፉ በኩል ከቦዮቹ የጠለቀ፣ ሸክላውን የሚነካ ማፋሰሻ ቦይ ቆፍሪ፣ ጎረቤት መሬት ላይ ሳይሆን ወደ መውረጃ ይሂድ። እሱ ሳይኖር ብዙ ውሃ ማጠጣት መታፈንን ማራዘም ብቻ ነው። እሱ ከተሰራ በኋላ ላዩን ኮትኩተሽ ሰብረሽ፣ አንድ ጊዜ ማታ ላይ ጠገብ አድርገሽ አጠጪ፣ ሲንጠፈጠፍ አዪ፣ ከዛ አፈሩ አንድ ስንዝር ጥልቀት ላይ ስትጨብጪው ቅርፁን ይዞ ውሃ ግን የማያወጣ ሲሆን ድገሚ። እስኪሰነጠቅ አትጠብቂ።

የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ አብዛኛው ሶዲየም ባይካርቦኔት ይበዛበታል፣ ፍሎራይዱም ከዛው ነው ለመጠጥ አለመጠቀማችሁ በጣም ጥሩ ነው። ሶዲየም ሲበዛ የሸክላ ቅንጣት ይበታተንና የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ውሃ ቦይ ውስጥ ደፍርሶ ብዙ ሰዓት የሚቆም ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። ላቦራቶሪው ሶዲየምንም እንዲለካልሽ ጠይቂ፣ ከፍ ካለ ጂፕሰም (ካልሲየም ያለበት የድንጋይ ዱቄት) ያስፈልጋል፣ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ይተካዋል ከዛ ውሃ ያጥበዋል። ሳታስለኪ ግን ጂፕሰም እንዳትገዢ ብር ማባከን ነው። ዩሪያም አሁን አትጨምሪበት፣ ማዳበሪያም ጨው ነው።

ባቱ_ሽንኩርት

እኔም የጉድጓድ ውሃ ነው የምጠቀመው እና ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሃሳብ ገባኝ። ሽንኩርትስ ስንት ይችላል?

አግሮ_ሐዋሳ

ሽንኩርት ደካማ ነው፣ ከ1.2 ጀምሮ ነው የሚቀንሰው፣ ቃሪያ 1.5 ነው፣ ፎሶሊያ 1። ገብስ 8፣ ጥጥ 7.7 ይችላሉ። ያንተን ሳታስለካ አትቆይ፣ ምክንያቱም ሽንኩርት ቲማቲም ደህና የሆነበት ውሃ ላይ ይጎዳል።

ሰናይት_የመቂዋ

ነገ ማፋሰሻውን የሚቆፍሩልኝ ሁለት ልጆች አግኝቻለሁ። ለሚቀጥለው ዙር መደቡን እንዴት ላድርገው? ነፋሱንስ?

አግሮ_ሐዋሳ

ለሚቀጥለው መደቡን ከፍ አድርጊው፣ ችግኙን ግን አናቱ ላይ አትትከዪ፣ ጎኑ ላይ ከውሃው መስመር ትንሽ ከፍ አድርገሽ። በቦይ ሲጠጣ ጨው ከሁለቱም በኩል እየተገፋ አናቱ ላይ ነው የሚሰበሰበው፣ አሁን ያየሽው ነጭ ዱቄትም አናቱ ላይ ነው ያለው። ላዩን ጭድ አልብሺው ትነቱ ይቀንሳል ጨውም ቶሎ አይወጣም፣ ግንዱን ግን አታስነኪው። ለነፋሱ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ከመትከልሽ ቀደም ብለሽ ሁለት ሦስት መስመር በቆሎ ወይ የዝሆን ሳር አቁሚ፣ ግድግዳ አያስፈልግም፣ ጥቅጥቅ ያለ ግድግዳ ነፋሱን ከኋላው አሽከርክሮ ያወርደዋል፣ የሚያሳልፍ አጥር ነው የሚሻለው።

የእነዋሪው

ማፋሰሻው ሲቆፈር ቁልቁለቱን በውሃ ለኪ እንጂ በዓይን አትገምቺ፣ ትንሽ ለቀቅ አድርገሽ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቺ። ሜዳ መሬት ላይ ዓይን ያሳስታል። እና የቆፈሩትን አፈር ከማሳው በኩል እንዳይከምሩት፣ ወደ ውጪ ይጣሉት፣ አለበለዚያ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ወደ ቦዩ መግቢያ ያጣል።